ዝናቡ ሳይለወጥ ቅጠሉ የሚረግፍበት ደን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



በዛሬው ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ብዙ መልካም ንግግር ተሰምቷል። ለእኛ ለሳይንስ ክበብ አባሎች የተሰጠን ሩብ ሰዓት ነው፤ የምንናገረውም ከዚህ አዳራሽ እጅግ ስለ ራቀ ደን ነው። ይህን ያህል ርቆ ስለሚገኝ ደን ለምን ትነግሩናላችሁ የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው ግን እዚሁ፣ በፈተና ወረቀታችን ላይ ነው።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፤ «በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ ሙቀቱም ብርዱም መካከለኛ በሆነው ክልል የሚበቅሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ለምንድን ነው?» ከመካከላችን ብዙዎቻችን መዝገበ ቃላት ከፍተን «ዊንተር» የሚለውን ቃል «ክረምት» ብለን አጥንተን ነበርና፣ ያለ አንዳች ጥርጥር «ክረምት ሲገባ ዝናቡ ስለሚበረታ ቅጠሉን መትቶ ያረግፈዋል» ብለን ጻፍን። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን አልተቈጡም። «ልጆች፣ በሐምሌ ወር ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ከዚህ ግቢ ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁን?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው ይህን ነገር ለመመርመር የተነሣነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንናገር። በአባቶቻችን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ክፍል አለው። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። እንግዲህ አውሮፓና አሜሪካ በበረዶ ተሸፍነው «ዊንተር» በሚሉበት ጊዜ እኛ በበጋ ውስጥ ነን፤ እኛ ክረምት በምንልበት ጊዜ ደግሞ እነርሱ የዓመቱን ትልቅ ሙቀት ያሳልፋሉ። ቃሉን በቃል መተርጐም ዓመቱን ገልብጦ ያሳያል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ በንግግራችን ውስጥ የእነርሱን ወቅት «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» እያልን እንጠራለን፤ የዓመተ ምሕረቱንም ቁጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች የሞሉባቸው ደኖች በሦስት ታላላቅ ስፍራዎች ይገኛሉ። እነርሱም የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ምዕራብና መካከለኛው አውሮፓ፣ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ናቸው። በደቡቡ የምድር ክፍልም በቺሊ ጥቂት አለ። ሁሉንም በአንድ ንግግር ለመጨረስ ብንሞክር ከስም ዝርዝር በቀር የምንተርፈው ስለሌለ አንዱን ብቻ መረጥን። ስሙ ሐባርድ ብሩክ ይባላል። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሺር ክፍለ ግዛት፣ ነጫጭ ተራሮች በሚባሉት ተራሮች መካከል የሚገኝ ከ3,000 ሄክታር የሚበልጥ ደን ነው። የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት በ1955 ዓ.ም. ለምርምር ለይቶ ካቋቋመው ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ዝናቡና ወንዙ፣ ሙቀቱና በረዶው ይለካል። የምንመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ ስኳር የሚሰጠው ሜፕል፣ ቢች የሚባለው ዛፍና ቢጫ በርች በብዛት ይበቅላሉ።

አሁን ሁለት ቦታዎችን ጐን ለጐን እናስቀምጥ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ሐባርድ ብሩክ የሚያገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ናቸው ሊል ይችላል። አከፋፈላቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን መሬቱን ለማራስ እንኳ የማይበቃ ጠብታ ነው። በሐባርድ ብሩክ ከወር ወር ቢቈጠር 110 ወይም 120 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚበልጥበትና የሚያንስበት ወር አይጠፋም፤ ነገር ግን ደረቅ ወር የሚባል የለም፣ የዝናብ ወር የሚባልም የለም። ዓመቱን በዝናብ ለመክፈል ብንፈልግ ምልክት የምናደርግበት ስፍራ አናገኝም።

ስለ ሙቀት ስንጠይቅ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በአዲስ አበባ የአንድ ወር አማካይ ሙቀት ከሌላው ወር የሚለየው በሦስት ወይም በአራት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይልቅ በአንድ ቀን ውስጥ ሌሊቱና ቀኑ ይራራቃሉ። በሐባርድ ብሩክ ግን የጥር አማካይ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የሐምሌ አማካይ ከዜሮ በላይ ወደ 19 ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 28 ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ የእኛን ዓመት የሚከፍለው ዝናብ ነው፤ የእነርሱን የሚከፍለው ሙቀት ነው። እኛ በፈተናው ላይ የሳትነው ይህን ነበር፤ የራሳችንን ዓመት ወስደን በሰው ደን ላይ አለበስነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ምድር በዛቢያዋ ላይ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል አዘንብላ ፀሐይን እንደምትዞር ሁላችሁም ተምራችኋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች በዓመቱ ረጅም የሆነው ቀንና አጭር የሆነው ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሐባርድ ብሩክ ግን በ44ኛው ዲግሪ ላይ ነው። በዚያ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ 15 ሰዓት ተኩል ያህል ስታበራ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ወደ 9 ሰዓት ትወርዳለች፤ ያውም ከአድማስ ብዙ ሳትርቅ በጐን ታበራለች እንጂ ከራስ በላይ አትወጣም። በዚህ ላይ ከካናዳ በኩል የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ በብርድ ወራት ያለ ከልካይ ይወርድበታል። ዝናቡ የማይቋረጠው ደግሞ በብርድ ወራት ቀዝቃዛና ሞቃት አየር እየተጋጠሙ ማዕበል ስለሚያመጡ፣ በሙቀት ወራትም ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው እርጥብ አየር ከሰዓት በኋላ ነጐድጓድ ያለበት ዝናብ ስለሚሆን ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል ከሆነ ዛፉ ቅጠሉን የሚጥለው ለምንድን ነው? መልሱ ያስገረመን ነገር ነው፤ ዛፉ የሚሸሸው ብርዱን ብቻ ሳይሆን ጥሙንም ነው። መሬት ሲቀዘቅዝና ውሃው በረዶ ሲሆን ሥር ሊጠጣው አይችልም፤ የረጋ ውሃ ለዛፍ ውሃ አይደለም። ሰፊ ቅጠል ግን በነፋስና በፀሐይ ውሃ መስጠቱን አያቆምም። ገቢ የሌለው ወጪ ይሆንበታል። ከዚህም ሌላ ስስ የሆነው ቅጠል ራሱ በውርጭ ይሰነጠቃል፤ በረዶም ቢከማችበት ክብደቱ ቅርንጫፉን ይሰብረዋል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1998 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር የወረደው ዝናብ የነካውን ሁሉ በመስተዋት በረዶ ሸፍኖ ነበር፤ በሐባርድ ብሩክም ቅጠል ያልነበራቸው ዛፎች እንኳ ጫፋቸው ተገንጥሎ ወደቀ። ቅጠል ቢኖራቸው ኖሮ የሚተርፉት ስንቶች ነበሩ?

ዛፉ ጊዜውን የሚያውቀው ከሁሉ በላይ በቀኑ ማጠር ነው፤ ከዚያ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይፋጠናል። ሙቀት ሊያታልል ይችላል፤ የቀን ርዝመት ግን በየዓመቱ አንድ ነው። ዛፉ ቅጠሉን እንዲሁ አይጥለውም። በመጀመሪያ በውስጡ ያለውን ዋጋ ያለው ነገር፣ በተለይም ናይትሮጅኑን፣ ግማሽ ያህሉን ወደ ግንዱ ይመልሳል። አረንጓዴው ቀለም ሲፈርስ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ብቅ ይላል፤ በሜፕል ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም በዚያው ሰሞን አዲስ ይሠራል። ከዚህ በኋላ በቅጠሉ አንገትና በቅርንጫፉ መካከል ቡሽ የመሰለ ስስ ግድግዳ ይበቅላል፤ ቁስሉ አስቀድሞ ተደፍኖ ስለሚጠብቅ ቅጠሉ ሲወድቅ ዛፉ አይደማም። ይህ ሁሉ በሐባርድ ብሩክ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያልቃል። አዲሱ ቅጠል የሚፈነዳው በግንቦት ነው። ዛፉ በዓመቱ ውስጥ ለምለም ሆኖ የሚሠራው አምስት ወር እንኳ አይሞላም።

በአገራችንም ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች መኖራቸውን መዘንጋት የለብንም። በመተማና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በጋውን በሙሉ ራቁቱን ቆሞ ያሳልፋል። የእርሱ ጥም ግን ከሰማይ ዝናብ ስለ ጠፋ ነው፤ የሜፕሉ ጥም ውሃው በእግሩ ሥር እያለ ድንጋይ ስለ ሆነበት ነው። ሁለቱም በበጋ፣ ማለት በእኛ በጋ፣ ራቁታቸውን መሆናቸው ደስ የሚል አጋጣሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደ ወደድነው ክፍል ደርሰናል። ዝናቡ በየወሩ እኩል ከሆነ ወንዙም በየወሩ እኩል መፍሰስ ይገባዋል ብለን አስበን ነበር። አይደለም። በሐባርድ ብሩክ ከዓመቱ የወንዝ ውሃ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በብርድ ወራት ከሰማይ የሚመጣው በረዶ ሆኖ ይከማቻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ በእኛ ቋንቋ «በረዶ» ስንል የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበውን ጠጠር ነው የምናስበው። ይህኛው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ሳይሰማ ይወርዳል፤ ከዓመቱ 1,400 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በዚህ መልክ የሚመጣ ነው። እንደ ተቈለፈ ጎተራ ተቀምጦ ይቆይና ሙቀት ሲመለስ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ሐምሌ ሲደርስ ዝናቡ እንደ ወትሮው እየዘነበ ወንዙ ግን ቀጥኖ ድንጋዮቹ ይታያሉ። ሌባው ማን ነው? ዛፉ ራሱ ነው። ከዓመቱ ውሃ 500 ሚሊ ሜትር ያህሉ በቅጠልና በአፈር በኩል ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ይህም በአብዛኛው በእነዚያ ጥቂት የለምለም ወራት የሚደረግ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይባል በሙከራ ተረጋግጧል። በ1965 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎቹ የአንዱን ሸለቆ ዛፍ በሙሉ ቈርጠው ግንዱን በመሬት ላይ ተዉት፤ ቀጥሎም ለሦስት ዓመት አዲስ ቡቃያ እንዳይነሣ በመድኃኒት ከለከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከዚያ ሸለቆ የሚወርደው ውሃ 40 በመቶ ያህል ጨመረ። ይህን የሰማ ገበሬ ደን መመንጠር መልካም ነው ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ከውሃው ጋር የአፈሩ ናይትሬት እየታጠበ ወረደ። ውሃው የበዛው መሬቱ እየደኸየ ነው።

በዚሁ ደን የተገኘ ሌላም ነገር አለ። ቦርማን፣ ላይከንስ፣ ፒርስና ጆንሰን የተባሉት ሊቃውንት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የዝናቡን ውሃ መመርመር ሲጀምሩ ከፋብሪካ ርቆ በሚገኘው በዚያ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ አሲድ ሆኖ አገኙት። ንጹሕ ዝናብ በፒኤች መለኪያ 5.6 ያህል ሲሆን ያ ዝናብ 4 ገደማ ነበር፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲዱ በአሥር እጥፍ ይበዛል። ምክንያቱ ከሩቅ ፋብሪካዎችና ከተሞች የሚነሣው የድንጋይ ከሰል ጢስ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ ሲሻሻል የእነዚህ ሊቃውንት መዝገብ ከማስረጃዎቹ አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አሲዱ በብዙ ቀንሷል።

ሙቀቱም አልቆመም። በሐባርድ ብሩክ ከ1950ዎቹ ወዲህ የዓመቱ አማካይ ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል፤ በረዶውም ሳስቷል። እዚህ ላይ ደግሞ እንደ ፈተናችን የሚያስት ነገር አለ። አየሩ ሲሞቅ አፈሩም ይሞቃል ብሎ የማያስብ ማን ነው? በረዶ ግን ለአፈር እንደ ጋቢ ነው፤ ከላይ ሲሸፍነው ከሥር ያለው አፈር ብዙም አይቀዘቅዝም። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአንዳንድ ቦታ ላይ በረዶውን በአካፋ እየዛቁ ቢያዩት አፈሩ ጠልቆ ረጋ፣ የሜፕሉም ቀጫጭን ሥሮች ሞቱ። ጋቢው የሳሳበት ዓመት መለስተኛ ቢሆንም ሥር በብርድ ይጎዳል ማለት ነው። ለአካባቢው ሰዎች ይህ የወሬ ነገር አይደለም። የሜፕልን ግንድ ቀድተው ማር የመሰለ ሽሮፕ የሚያወጡት ሌሊቱ ከዜሮ በታች፣ ቀኑ ከዜሮ በላይ በሚሆንባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ ማፍላት አለባቸው፤ ወቅቱ በሳምንት ሲፋለስ ኪሳራው የቤተሰብ ነው።

ቅጠል የሚያራግፍ ደን ሁሉ እንደ ሐባርድ ብሩክ እኩል ዝናብ ያገኛል ብለን ብናበቃ ግን ሁለተኛ ስሕተት እንሠራለን። ኮሪያን እናንሣ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የተዋጉባቸው ኮረብታዎች ባሉጥና ሜፕል የሚበቅልባቸው ናቸው። በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያውያን ወታደሮች መታሰቢያ በቆመባት በቹንቾን ከተማ የጥር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ነው፤ ከዓመቱ ዝናብ ግን ከግማሽ የሚበልጠው እንደ እኛው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ስለዚህ ወታደሮቻችን በዚያ ያገኙት ሐምሌ በጭቃውና በጎርፉ የአገራቸውን ሐምሌ ሲመስል፣ ጥሩ ግን ጨርሶ ያላዩት ነገር ነበር። ዝናቡ ቢከፋፈልም ቢሰበሰብም ዛፉ ቅጠሉን ያው በብርዱ መግቢያ ላይ ይጥላል።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ እኛም እንለካ ብለን ተነሣን። ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከዛፍና ከጣራ ርቆ፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ አፉም ወገቡም እኩል የሆነ ጣሳ በእንጨት ላይ አቆምን። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ እየለካን፣ ውሃውን እየደፋን፣ በደብተር መጻፍ ጀመርን። በጥቅምት ነበር። ዘበኛችን አባባ መጥተው አዩና «ልጆቼ፣ መልካም ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ማን ያነብበዋል?» አሉን። እኛ ሳቅን። ትምህርት ቤት በሰኔ ተዘጋ፤ ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። በመስከረም ስንመለስ ጣሳው ሞልቶ ፈስሶ፣ በላዩ ላይ ሁለት የዋንዛ ቅጠል ተንሳፎ ጠበቀን። ስለ ክረምቱ ዝናብ ያወቅነው ነገር ከ250 ሚሊ ሜትር መብለጡን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ሳንለካም እናውቀው ነበር። ደብተራችን በጋውን ሁሉ «0፣ 0፣ 0» ብሎ ጽፎ፣ የዓመታችን ልብ በሆኑት ወራት ባዶ ነው። ደብተሩን በመጽሐፍ ቤቱ ውስጥ ለማየት ለሚፈልግ እናሳያለን፤ አናፍርበትም ልንል አንችልም።

ዘንድሮ ረዘም ያለ ዕቃ አዘጋጅተናል። ከግቢው አጠገብ የሚኖሩ ወላጆችና ተማሪዎች ተራ ይዘው እንዲያነቡልን የሳምንቶቹ ሠንጠረዥ በመጽሐፍ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ማስመሪያውና እርሳሱ በአባባ ዘንድ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እርሳቸው ራሳቸው ወስደውታል። የሐምሌ ተሞልቷል። ከነሐሴ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስም አልተጻፈባቸውም።